አለቃው የሚማረው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2024 ጠዋት ፖላ ቬነልስ ለንደን መሀል በሚገኘው አልድዊች ሃውስ በአጣሪ ኮሚሽን ፊት ቃለ መሐላ ፈጽመው የምስክር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከ2012 እስከ 2019 የብሪታኒያ ፖስታ ቤት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስም ናቸው። ሊያዳምጧቸው ከመጡት መካከል በእርሳቸው መሥሪያ ቤት ሌባ ተብለው የተከሰሱ ሰዎች አሉበት።

አስቀድመው ያስገቡት የጽሑፍ ምስክርነት ከ700 ገጽ ያልፋል። በውስጡም «ይህ አልተነገረኝም»፣ «ያ ሰነድ አልደረሰኝም» የሚል ቃል ይመላለሳል። የአጣሪ ኮሚሽኑ ጠበቃ ጄሰን ቢር ገጾቹን አንድ በአንድ ከማገላበጣቸው በፊት ጉዳዩን በአንድ ጥያቄ ጠቀለሉት። በብሪታኒያ ካሉ የድርጅት መሪዎች ሁሉ ዕድለ ቢሷ እርስዎ ነዎት ብለው ያምናሉ? ሲሉ ጠየቁ። ቬነልስ ሰው ከመጠን በላይ አምን ነበር አሉ። በዚያ ቀን ከአንዴ በላይ አለቀሱ።

ነገሩ የጀመረው በ1999 ነው። ፖስታ ቤቱ ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ ያቀረበለትን ሆራይዘን የተሰኘ የሒሳብ ሶፍትዌር በቅርንጫፎቹ ሁሉ መዘርጋት ጀመረ። የእንግሊዝ የገጠር ፖስታ ቤት እኛ እንደምናውቀው የመንግሥት ቢሮ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሰፈር ሱቅ ነው። ባለሱቁ ውል ገብቶ በሱቁ አንድ ጥግ ቴምብር ይሸጣል፣ ጡረታ ይከፍላል። በእርሱ ጥፋት ሒሳብ ከጎደለ ከኪሱ ይሞላል። ሆራይዘን ከገባ ወዲህ ሒሳብ ይጎድል ጀመር። በደቡብ እንግሊዝ አንዲት ባለሱቅ ማሽኑ 2,000 ፓውንድ ያህል ጎድሏል ቢላቸው የእርዳታ መስመሩ ላይ ደወሉ። የታዘዙትን ቁልፍ ሲጫኑ ጉድለቱ ዓይናቸው እያየ እጥፍ ሆነ።

እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበር ወይም ሐሰተኛ ሒሳብ በማቅረብ ተፈረደባቸው። እስር ቤት የገቡ፣ ቤታቸውን የሸጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። የእንግሊዝ የማስረጃ ሕግ በዚያ ዘመን ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል እንደሚሠራ ይገምት ነበር። ባለሱቁ ማሽኑ ተሳስቷል ካለ ስሕተቱን ማሳየት የሚጠበቅበት ራሱ ነው፤ የማሽኑ ሆድ ዕቃ ግን በፉጂትሱ እጅ ነው። ዌልስ ውስጥ ፖስታ ቤቱን የተነጠቁት አለን ቤትስ ተበዳዮችን አሰባስበው ለዓመታት ተሟገቱ። በ2019 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ የፖስታ ቤቱን ግትርነት ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ከመከራከር ጋር አመሳሰሉት። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ የኢሜይል መልእክት ነው። ጃንዋሪ 2015 ቬነልስ የፓርላማ ኮሚቴ ፊት ሊቀርቡ ቀናት ሲቀሯቸው ለበታቾቻቸው ጻፉ። ከማዕከል ሆኖ፣ ባለሱቁ ሳያውቅ፣ የቅርንጫፉ ሒሳብ ውስጥ መግባት ይቻላል ወይ? እውነተኛው መልስ ምንድን ነው? ሲሉ ጠየቁ። ወሳኙ ጥያቄ ይኸው ነበር። ከማዕከል መግባት ከተቻለ የጎደለውን ገንዘብ ባለሱቁ ላይ ብቻ መለጠፍ አይቻልምና። ግን እዚያው ላይ አክለው «አይቻልም» ማለት እንደሚያስፈልጋቸው፣ ምክንያቱንም እንዲሞሉላቸው ጻፉ። መልሱን ይዘው ጥያቄ ጠየቁ ማለት ነው። መልሱ ግን ይቻላል ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ክፋት ብቻ አድርጎ ያነበዋል፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ሥራቸው የቆመበትን መሣሪያ አሠራር በወጉ የማያውቁ መሪ ከበታቾቻቸው የሚመጣውን መልስ የሚመዝኑበት ሚዛን የላቸውም። ሚዛን የሌለው ሰው ደግሞ የሚቀናውን መልስ ይመርጣል።

ሆራይዘን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም። ተራ የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ ስሕተቱ ሰው በጻፈው ትእዛዝ ውስጥ ነበር። ጊዜና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ኮዱን ከፍቶ «ይኸውና እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ ሊያሳይ ይችል ነበር። አሁን መሥሪያ ቤቶች እየገዙት ያለው የሚማር ሞዴል ግን እንዲህ አይደለም። ትእዛዙን ሰው አይጽፍለትም። በሺዎች ወይም በሚሊዮኖች የሚቆጠር ያለፈ ምሳሌ ይሰጠዋል፣ ይህ ትክክል፣ ያ ስሕተት ተብሎ። ሞዴሉ ከምሳሌዎቹ ውስጥ የራሱን ዝምድና ፈልጎ ያወጣና ለአዲሱ ጉዳይ ነጥብ ይሰጣል። ያወጣው ዝምድና በብዙ ሺህ ቁጥሮች መካከል ተበትኖ ስለሚቀመጥ፣ ስሕተት ቢኖረው እንኳ በጣት የሚጠቆም መስመር ላይገኝ ይችላል። ምሳሌዎቹ ውስጥ የቆየ አድልዎ ካለም ሞዴሉ ያንኑ ተምሮ በቁጥር መልክ ይመልሰዋል። ያውም ቁጥር ስለሆነ ይታመናል።

ይህ በኔዘርላንድስ ምን እንዳስከተለ ተመዝግቦ ይገኛል። የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ከ2013 ጀምሮ ለልጆች መዋያ ድጎማ የሚቀርቡ ማመልከቻዎችን የሚመዝን ሞዴል ሲጠቀም ነበር። ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ከ0 እስከ 1 የአደጋ ነጥብ ይሰጣል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ አመልካቹ የኔዘርላንድስ ዜጋ መሆን አለመሆኑ ነበር። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ማመልከቻ ለሠራተኛ ይመራል። ሠራተኛው ግን ነጥቡ ለምን ከፍ እንዳለ አይነገረውም፤ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ጥርጣሬ የወደቀበትን ሰው ለማጣራት ተቀምጦ የጥርጣሬውን ምክንያት አለማወቅ ምን ያህል ግራ እንደሚያጋባ አስቡት። ጥፋቱ ሁሉ የሞዴሉ አይደለም፤ ሕጉም ጨካኝ ነበር። አንዲት ፊርማ ወይም ትንሽ መዋጮ የጎደለበት ቤተሰብ የዓመታት ድጎማውን ሙሉ በሙሉ እንዲመልስ ይታዘዝ ነበርና። በአሥር ሺዎች ዩሮ ዕዳ የተዘፈቁ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸውም የውጭ ዝርያ ያላቸው ይበዛሉ።

በ2017 የመሥሪያ ቤቱ የሕግ አማካሪ ሳንድራ ፓልመን ለአለቆቻቸው ማስታወሻ ጻፉ። ተሳስተናል፣ ለወላጆቹ ካሳ መክፈል አለብን የሚል ነው። ሰሚ አላገኙም። በዲሴምበር 2020 የፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርቱን ይፋ አደረገ፤ በጃንዋሪ 15 ቀን 2021 የማርክ ሩተ መንግሥት ሥልጣን ለቀቀ። ሩተ መልቀቂያውን ለንጉሡ ለማቅረብ ወደ ቤተ መንግሥት የሄዱት እንደ ልማዳቸው በብስክሌት ነው። ያ ሥዕል በዓለም ዙሪያ ታይቷል። የፓልመን ማስታወሻ ግን የበለጠ ሊታይ ይገባው ነበር እላለሁ። እውቀቱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ከላይ የተቀመጡት ሰዎች ግን የጽሑፉን ክብደት መለየት አልቻሉም፣ ወይም አልፈለጉም።

እንግዲህ መሪ ምን ይማር? ኮድ መጻፍ ይማር የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ለሚኒስትር ወይም ለባንክ ፕሬዚዳንት ኮድ መጻፍ የጊዜ ማጥፊያ ነው። መማር ያለባቸው ሻጩና የገዛ ባለሙያቸው የሚነግሯቸውን መጠየቅ የሚያስችል ነገር ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚሻለው አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ያወጣችው ጥናት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የፊት ገጽታ አይተው ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ ሲስተሞችን ፈተሹ። ለፈተናው የተጠቀሙት የ1,270 የፓርላማ አባላትን ፎቶ ነው፤ ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋል፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከፊንላንድ፣ ከአይስላንድና ከስዊድን። የተመዘኑት ፊቶች የመሪዎች ፊቶች ነበሩ ማለት ነው።

በአማካይ ሲታይ ሲስተሞቹ ጎበዞች ናቸው። አማካዩ ሲበተን ግን ሌላ ነገር ወጣ። ቀላ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ1 በመቶ የማይበልጥ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ በአንዱ ሲስተም እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ሻጭ ብሮሹር ላይ የሚጽፈው አማካዩን ነው። «ለማን ነው የሠራው? በማን ላይ ተፈተነ?» ብሎ ለመጠየቅ የሒሳብ ዲግሪ አያስፈልግም። ነገር ግን አማካይ ብዙ ነገር እንደሚደብቅ አስቀድሞ መማር ያስፈልጋል። ጥናቱ ከወጣ በኋላ ኩባንያዎቹ ሲስተሞቻቸውን ማሻሻላቸውም ጥያቄው ሥራ እንደሠራ ያሳያል።

«እሺ፣ ይህን አንዴ ተምሬ ልጨርስ» የሚል አለቃ ይኖራል። ችግሩ ሞዴሉ ትናንት እንደነበረው አይቆይም። ሻጩ ያሻሽለዋል፤ ባያሻሽለው እንኳ ዓለም ይቀየርበታል። ዚሎው የተባለው የአሜሪካ የቤት ሽያጭ ኩባንያ የቤቶችን ዋጋ በሚተነብይ ስሌት ተማምኖ ቤት እየገዛ መሸጥ ጀምሮ ነበር። የወረርሽኙ ዘመን ገበያ ሲገለባበጥ ስሌቱ ኩባንያውን በውድ አስገዛው። በ2021 በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከመዝገቡ ቀነሰ፤ ሥራውን ዘግቶ ከሠራተኞቹ ሩቡን አሰናበተ። ዚሎው ውስጥ የመረጃ ሊቃውንት ሞልተዋል። የጎደለው የትናንቱ ልክ ዛሬም ልክ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚደፍር ውሳኔ ሰጪ ይመስለኛል።

አየር ካናዳን ልጥቀስና ልለፍ። የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የሚያወራው ማሽን ለአንድ ሐዘን ላይ ለነበረ መንገደኛ የተሳሳተ የቅናሽ መመሪያ ነገረው። ሰውየው ሲከስ ኩባንያው ማሽኑ ለሚናገረው ራሱ ተጠያቂ ነው የሚል መከራከሪያ አመጣ። በፌብሩዋሪ 2024 ጉዳዩን ያየው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ችሎት አልተቀበለውም፤ ኩባንያው ከፈለ። ይህ መከራከሪያ ከመቅረቡ በፊት በስንት ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ እንዳለፈ ማወቅ ያጓጓል።

ፊንላንዶች ነገሩን ከሌላ በኩል ያዙት። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲና ሪአክተር የተባለ ኩባንያ በ2018 የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት የሚያስተምር ነፃ የኦንላይን ኮርስ ከፈቱ። የመጀመሪያው ግብ ከሕዝቡ 1 በመቶውን፣ ማለትም 55,000 ያህል ሰው ማስተማር ነበር። ተማሪው ባለሱቅም፣ ጡረተኛም፣ ዋና ዳይሬክተርም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም አንዱን ፈተና ይፈተናል። በኋላ ኮርሱ ወደ አውሮፓ ኅብረት ቋንቋዎች ተተርጉሞ ከአገር ወጣ፤ የተማረው ሰው ቁጥርም ከ1 ሚሊዮን አለፈ። ኅብረቱ ራሱ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ሲስተሞቹን የሚያቀርቡም የሚጠቀሙም ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በቂ እውቀት እንዲያስጨብጡ በሕግ አስገድዷል።

እኛስ?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም አንድ ሌሊት የሆነውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡ ፈቀደ፤ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን አስታወቀ፤ የወጣው ገንዘብም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተናገረ። አብዛኛው ተመልሷል። ስሕተቱ የታወቀው ማሽኑ ገንዘብ ስለሰጠ ነው። ማሽን ሲከለክል ግን ሰልፍ የለም፣ ጫጫታ የለም። ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ከ2014 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ያለ ዋስትና አነስተኛ ብድር ይሰጣል። አመልካቹ ከቅርንጫፍ ኃላፊ ፊት አይቆምም፤ ስልኩ ላይ ይህን ያህል ይፈቀድልሃል ወይም አይፈቀድልህም ይባላል። ለብዙ ሰው በረከት ነው፤ ባንክ በር ላይ ያልደረሱ ሰዎች ተበድረውበታል። እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚመራ ሰው ግን የተከለከሉት እነማን እንደሆኑ በየጊዜው ማየት አለበት። ሴቶች ናቸው? ገበሬዎች ናቸው? ሲም ካርዳቸው በባላቸው ስም የተመዘገበ ሰዎች ናቸው? የተከለከለ ሰው ሲስተሙ ነው ብሎ ይሄዳል። በአገራችን «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ሰምቶ መመለስ ለምደናል፤ «ሲስተሙ እምቢ አለ» የሚለውንም እንደዚያው ልንለምደው ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። ትልልቆቹ ሞዴሎች የተማሩት ባብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፤ የአማርኛው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፣ የአፋርኛው ከዚያም ያንሳል። ሞዴሉ ጽሑፍን የሚያነበው ቆራርጦ ነው፤ የግዕዝ ፊደልን ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ያደቅቀዋል። ክፍያው በቁራጭ ስለሆነ አንዱ ሐሳብ በአማርኛ ሲጠየቅ ይወደዳል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ይደክማል። ግዥ ላይ የሚፈርም ኃላፊ በእንግሊዝኛ የቀረበለትን ማሳያ አይቶ አጨብጭቦ ከፈረመ፣ ጉዱን የሚያየው ተገልጋዩ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ መጠየቅ ሲጀምር ነው።

በአገራችን ሥራ አልተጀመረም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በ2012 ዓ.ም ተቋቁሟል። በ2016 ዓ.ም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ብሔራዊ ፖሊሲ ጸደቀ። በሐምሌ ወር ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ወጣቶች በስልካቸው ተምረው ሰርተፊኬት ይወስዳሉ። ደስ ይላል። ግን የሚማረው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ከታች ያለው ወጣት እየተማረ፣ ከላይ ያለው ፈራሚ በቆመበት ከቀረ፣ የፓልመን ማስታወሻ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ይኖሩናል፤ የሚያነብላቸው ግን የለም።

ደግሞ በዕድሜና በማዕርግ ከፍ ያለ ሰው ተመልሶ ተማሪ መሆን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤተልሔም ላይ ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ አቋቋም ለመማር ጎንደር ወርዶ ከሌላ መምህር እግር ሥር ይቀመጣል። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይሄዳል። በአንዱ ጉባኤ መምህር የነበረ በሌላው ደቀ መዝሙር ነው፤ ማንም አይስቅበትም፣ እንዲያውም የሚከበረው በዚያ ነው። ይህ ልማድ ቢሮ ሲደርስ የት እንደሚጠፋ አይገባኝም። ቢሮ ውስጥ አላውቅም ያለ አለቃ ወንበሩን የለቀቀ ያህል ይፈራል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሪ ጃክ ዌልች ለ500 ያህል ከፍተኛ ኃላፊዎች አንድ ትእዛዝ ሰጡ፤ እያንዳንዳችሁ ኢንተርኔት የሚያስተምራችሁ ወጣት ሠራተኛ ፈልጉ የሚል። እርሳቸውም አስተማሪ ያዙ። ዌልችን በብዙ ነገር የሚወቅሷቸው አሉ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ይህ ግን ወጪ የሌለው ብልሃት ነበር። እኛ ቢሮ ውስጥ ቢሞከር ምን ይሆናል? ዋና ዳይሬክተሩ የአይሲቲ ክፍሉን ልጅ ጠርተው በር ዘግተው «እስቲ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሳሳት አስረዳኝ» ቢሉት፣ ልጁ መጀመሪያ የሚያስበው የተሰነዘረበት ክስ ምን እንደሆነ ነው። «ጌታዬ፣ ምንም ችግር የለበትም» ይላል። በአንድ ቀን የሚፈታ አይደለም፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ መጥራት፣ ችግሩን በነገረ ጊዜም አለመቆጣት ይፈልጋል። አለቃው መልሱን ይዞ እንዳልጠየቀ ልጁ ሲያምን ነው እውነቱ የሚወጣው።

በእኛ ዘንድ የአመራር ሥልጠና የሚባለው ሌላ ነው። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የአበል ወረቀት ይፈረማል። ክቡር እንግዳው የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ፤ የዘመኑን ቴክኖሎጂ መታጠቅ ለነገ የማይባል ተግባር መሆኑን ያሰምሩበታል፤ የቡድን ፎቶ ይነሣና ለሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ይወጣሉ። ሥልጠናው የሚጀምረው እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። የሥራ ማሻሻያ መሣሪያ ተብሎ ቢፒአር እንዲህ መጣ፣ ቢኤስሲ እንዲህ መጣ፣ ካይዘንም መጣ። በየቢሮው ግድግዳ ላይ የየዘመኑ ፖስተር ቀለሙ እየደበዘዘ ጎን ለጎን ተለጥፎ ይታያል። አሁን ተራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ባነሩም ታትሟል። ከዚያ ቀጥሎ የሚሞላው የሥልጠና ሪፖርት ቅጽ ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት፣ ድምር ስንት፣ በጀት ስንት ብሎ ይጠይቃል። ክቡር እንግዳው ከሻይ ዕረፍት በኋላ ተመልሰው እንደሆነ የሚሞላበት ሣጥን የለውም።